ሩት ኑሰንዝዋይግ እና የወባ ክትባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ወባ ክትባት ሲወራ ስማቸው እምብዛም የማይነሳ አንዲት ሳይንቲስት አሉ። ይህ ገጽ ስለ እሳቸው የምርምር ሕይወት ነው። ተማሪዎች፣ የጤና ባለሙያዎችና ልጆቻቸውን የሚያስከትቡ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስበን መልሰናል። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሩት ኑሰንዝዋይግ ማን ነበሩ?

ኦስትሪያ ተወልደው፣ ብራዚል አድገው፣ አሜሪካ የሠሩ የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪ ነበሩ። ዋና ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ሰውነት ራሱን ከተውሳክ የሚከላከለው እንዴት ነው? ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዕድሜያቸውን ለወባ ሰጡ። ዛሬ የአፍሪካ ሕፃናት የሚወስዷቸው ሁለቱም የወባ ክትባቶች የተሠሩት እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ፈልፍለው ባወጡት አንድ ፕሮቲን ላይ ተመሥርተው ነው። በ1928 ተወልደው በ2018 ዐረፉ።

ከቪየና ወደ ብራዚል ምን ወሰዳቸው?

ስደት። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው፤ እናትም አባትም ሐኪሞች ነበሩ። በ1938 ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ጠቀለለች። በማግስቱ ዓመት ቤተሰቡ ሸሽቶ ሳኦ ፓውሎ ገባ። ሩት ያን ጊዜ ገና የ11 ዓመት ልጅ ገደማ ነበሩ።

አድገው የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ ቪክቶር ኑሰንዝዋይግ ከሚባል ተማሪ ጋር ተዋወቁ። የቪክቶር ልብ በዚያ ዘመን ፖለቲካ ላይ ነበር። ወደ ቤተ ሙከራ የጎተቷቸው ሩት ናቸው። ከዚያም ተጋቡ፤ ትዳሩም ሥራውም አንድ ላይ ዘለቀ።

የምርምር ሕይወታቸው የጀመረው በወባ ነው?

አይደለም። በቻጋስ ነው። ቻጋስ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ የድሆች በሽታ ነው። ተውሳኩን የሚያስተላልፉት በጭቃ ቤት ስንጥቅ ውስጥ ተደብቀው ሌሊት ደም የሚመጡ ነፍሳት ናቸው። አንዳንዱ ታማሚ ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ይቆይና ልቡ ይጎዳል። የእኛን ከብቶች የሚፈጀው የገንዲ ተውሳክ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው።

በዚያን ጊዜ ብራዚል ውስጥ በሽታው በደም ልገሳም ይተላለፍ ነበር። ሕይወት ለማዳን የተሰጠ ደም በሽታ ይዞ ይመጣል። ሩትና ቪክቶር ገና በተማሪነታቸው ጄንሺያን ቫዮሌት የተባለው ቀለም የተለገሰው ደም ውስጥ ሲጨመር ተውሳኩን እንደሚገድል አሳዩ። አዎ፣ እኛ ዘንድ ለአፍ ቁስልና ለቆዳ የሚቀባው ያው ሐምራዊ መድኃኒት ነው። ዘዴው ርካሽ ነበር፤ በላቲን አሜሪካም ሥራ ላይ ዋለ።

ይህን ሥራ ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። እኔ ግን የእሳቸውን ጠባይ ለማወቅ ከዚህ መጀመር ይሻላል እላለሁ። የሩት ምርምር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ነበር።

ታዲያ ኒው ዮርክ እንዴት ደረሱ?

ከብራዚል መጀመሪያ የሄዱት ፓሪስ ነው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ኮሌጅ ደ ፍራንስ ሠሩ። በ1963 ወደ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ለጥቂት ጊዜ መጡ። ዓላማቸው ተምሮ መመለስ ነበር። በ1964 ብራዚል ውስጥ ወታደሩ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ምሁራንን ማሳደድ ተጀመረ። ባልና ሚስቱ እዚያ መሥራት እንደማይችሉ ገባቸው። በ1965 ሩት በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት ጀመሩ።

ለሁለተኛ ጊዜ አገር መልቀቅ ነበር። ለአገራችን አንባቢ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ከእሳቸው በፊት የወባ ክትባት አይቻልም የሚባለው ለምን ነበር?

ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። የወባ ተውሳክ ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም። የራሱ ኒውክለስ ያለው፣ ከ5,000 በላይ ጂን የተሸከመ ፍጡር ነው። ደግሞ መልኩን ይለዋውጣል። ትንኝ ስትነክስ የሚገባው ስፖሮዞይት የሚባለው ቀጭን፣ ረዘም ያለ ቅርጽ ነው። እሱ ጉበት ገብቶ ይራባል። ከጉበት ሲወጣ ሌላ ቅርጽ ይዞ ቀይ የደም ሴሎችን ይወራል። ትኩሳቱና ብርድ ብርድ የሚለው ስሜት የሚመጣው ያኔ ነው። የሰውነት መከላከያ አንዱን ቅርጽ ሲለምድ ሌላው ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። ኩፍኝ አንዴ ከያዘ አይደግምም። ወባ ግን ይደጋግማል። ወባማ አካባቢ የኖረ አዋቂ ከተደጋጋሚ ሕመም በኋላ ከፊል መከላከያ ያገኛል፤ ያም ሙሉ አይደለም፣ ከአካባቢው ከራቀም ይደክማል። መከላከያው ጭራሽ የሌለው ሰው ምን እንደሚገጥመው ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ ወርደው መተማና ሑመራ የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች ያውቁታል። እንግዲህ በሽታው ራሱ ሙሉ መከላከያ ካልሰጠ ክትባት እንዴት ይሰጣል? ብዙ ሳይንቲስት ነገሩን እዚህ ላይ ትቶት ነበር።

በ1967 የተደረገው ሙከራ ምን ነበር?

ይህ የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ሙከራው በአይጥ ነው። የሰው ወባ ደግሞ ተራ አይጥ አይዝም። ስለዚህ የሚያስፈልገው የአይጥ ወባ ነው። ፕላዝሞዲየም ቤርጋይ የሚባል ተውሳክ በ1948 ኮንጎ ካታንጋ ውስጥ ከዱር አይጥ ተገኝቶ ነበር። ችግሩ ቤተ ሙከራ ውስጥ በትንኝ በኩል አልተላለፍ ማለቱ ነው። ለዓመታት መላ ጠፋለት። መላው የተገኘው ሩት በሚሠሩበት በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሜየር ዮኤሊና ጀሮም ቫንደርበርግ ትንኞቹን ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ሲያቆዩአቸው ተውሳኩ በደንብ አደገ። ካታንጋ ከፍታ ያለው አገር ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ተውሳኩ የለመደው ይህን ነበር። ይህ ነገር ባይታወቅ የሩት ሙከራ ባልተሠራም ነበር።

ቀጥሎ ስፖሮዞይቱን ማውጣት አለ። የበሰለው ስፖሮዞይት የሚጠራቀመው ትንኟ ምራቅ እጢ ውስጥ ነው። ሥራው በእጅ ነው። ትንኟ በብርድ ትደነዝዝና ማይክሮስኮፕ ሥር ጠብታ ፈሳሽ ላይ ትጋደማለች። በአንዱ ቀጭን መርፌ ደረቷ ይያዛል። በሌላው ጭንቅላቷ ቀስ ተብሎ ይሳባል። እጅ ከቀና ጭንቅላቷን ተከትለው ስድስት ጥቃቅን፣ ብርሃን የሚያሳልፉ የእጢ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። እጅ ከተንቀጠቀጠ እጢው እዚያው ይቀራል፣ ያቺ ትንኝ ባከነች ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ትንኝ፣ ከዚያ ሌላ። ለአንድ ቀን ሙከራ የሚያስፈልጉት ትንኞች ብዙ ናቸው።

ሩትና ባልደረቦቻቸው የተገኘውን ስፖሮዞይት በራጅ ጨረር መቱት። ልኩ ወሳኝ ነው። ጨረሩ ካነሰ ተውሳኩ አይጧን ያሳምማል። ከበዛ ይሞታል፤ የሞተው ደግሞ የረባ መከላከያ አይሰጥም። ልኩ ሲመታ ስፖሮዞይቱ በሕይወት አለ፣ ጉበት ይገባል፣ ግን አድጎ አይወጣም። አይጧ አትታመምም። ሰውነቷ ግን ተውሳኩን ዐይቶታል። በኋላ ጤነኛ፣ ጨረር ያልነካው ስፖሮዞይት ሲወጋት ብዙዎቹ አይጦች ወባ አልያዛቸውም። ውጤቱ በ1967 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ።

እሳቸው የመጀመሪያዋ ነበሩ?

በጨረር ስፖሮዞይትን ማድከም አዲስ ሐሳብ አልነበረም። በ1941 ሕንድ ውስጥ ተመራማሪዎች በዶሮ ወባ ሞክረውት ከፊል ውጤት አግኝተው ነበር። ነገሩ ሳይገፋበት ቀረ። የሩት ሥራ የተለየው በአጥቢ እንስሳ መሆኑና ውጤቱ ጠንካራ፣ ሌላ ሰው ሊደግመው የሚችል መሆኑ ነው። እሳቸውም አንድ ጽሑፍ አሳትመው አልተቀመጡም። አይጦቹን ምን እንደጠበቃቸው ለማወቅ ቀጣዮቹን አስርት ዓመታት ፈጁ።

አይጥ ላይ የሠራው ሰው ላይ ሠራ?

ሠራ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ክላይድና ባልደረቦቻቸው ፋልሲፓረም በተባለው ገዳይ የሰው ወባ ተውሳክ የተያዙ ትንኞችን በጨረር መትተው በጎ ፈቃደኞችን አስነከሱ። ንክሻው የበዛላቸው ከወባ ተጠበቁ። ፈቃደኞቹ እስረኞች ነበሩ። በዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር እስረኛን እንዲህ ላለ ሙከራ መጠቀም ከባድ ጥያቄ ያስነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ሳይንሱን ስናደንቅ ይህን መዝለል የለብንም።

ታዲያ ያኔውኑ ክትባት ለምን አልሆነም?

አንድን ሰው በደንብ ለመጠበቅ ከ1,000 በላይ የትንኝ ንክሻ ያስፈልግ ነበር። ይህን ለአንድ መንደር ሕፃናት ማድረግ የማይታሰብ ነው። ስፖሮዞይትንም እንደ ባክቴሪያ ብልቃጥ ውስጥ ማርባት አልተቻለም። ስለዚህ የ1967ቱ ውጤት ክትባት አልነበረም። ክትባት ይቻላል የሚል ማረጋገጫ ነበር። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ «አይቻልም» ማለት ቀረ። የቀረው «እንዴት» የሚለው ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ ሙሉውን ተውሳክ የመስጠት ሐሳብ አልሞተም። ስቲቨን ሆፍማን በ2003 ያቋቋሙት ሳናሪያ የተባለ ኩባንያ ስፖሮዞይትን ከትንኝ አውጥቶ፣ አጥርቶና አቀዝቅዞ በመርፌ የሚሰጥ ክትባት ለመሥራት ሲደክም ቆይቷል።

ያ የሚባለው ፕሮቲን ምንድን ነው? እንዴትስ ተገኘ?

የክትባት ሰዎች ባጭሩ ሲኤስፒ ይሉታል። ሙሉ ስሙ ሰርከምስፖሮዞይት ፕሮቲን ነው። ስፖሮዞይቱን ዙሪያውን ሸፍኖ የያዘው እሱ ነው።

ፍንጩ የመጣው በማይክሮስኮፕ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እነሩት ከተከተቡት አይጦች የደም ውሃ ወስደው ሕያው ስፖሮዞይት ጨመሩበት። ስፖሮዞይቱ ላይ ቀስ በቀስ ዝቃጭ ነገር ተጠራቀመ፤ ከኋላው በኩልም እንደ ክር እየረዘመ ወጣ። ካልተከተበች አይጥ በተወሰደ የደም ውሃ ይህ አልሆነም። ምን ማለት ነው? የተከተበችው አይጥ ደም ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት የተውሳኩን ገጽ እየያዙ ነው። አንድ የሚይዙት ነገር አለ ማለት ነው።

ያን ነገር ነጥሎ ለማውጣት ሌላ አስር ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1980 ብራዚላዊቷ ኖቡኮ ዮሺዳ ከሩትና ከቪክቶር ጋር ሆነው አንድ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ብቻ የሚያመርቱ ሴሎችን ሠሩ። ያ ፀረ እንግዳ አካል ብቻውን ለአይጥ ሲሰጥ ከወባ ጠበቃት። የሚይዘው ፕሮቲንም ታወቀ። በ1984 ደግሞ የሰውን ገዳይ ወባ የሚያመጣው የፋልሲፓረም ሲኤስፒ ጂን ተነበበ። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ መንግሥት ቤተ ሙከራዎች ለየብቻ እዚያው ዓመት ደረሱበት። የፕሮቲኑ መሐል ክፍል አራት አሚኖ አሲዶች በአንድ ቅደም ተከተል በአስሮች ጊዜ የሚደጋገሙበት ነው። ፀረ እንግዳ አካላቱ በብዛት የሚይዙት ይህንኑ ድግግሞሽ ነው።

ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ይበቃል?

አይበቃም፤ ይህንንም ያሳዩት እነሱው ናቸው። ስፖሮዞይት ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። ጉበት ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ ፀረ እንግዳ አካል አያገኘውም። ሌባን በር ላይ መያዝና ቤት ከገባ በኋላ መያዝ የተለያየ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ የገባውን አድነው የሚይዙት ቲ ሴሎች የሚባሉት የሰውነት መከላከያ ሴሎች ናቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከሩትና ከቪክቶር ቤተ ሙከራ የወጡ ሥራዎች ሲዲ8 የሚባሉት ቲ ሴሎችና ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለው ኬሚካል ጉበት ውስጥ ያለውን ተውሳክ ለማጥፋት እንደሚያስፈልጉ አመለከቱ። የወባ ኢሚዩኖሎጂን፣ ማለትም ሰውነት ወባን እንዴት እንደሚከላከል፣ ለሚያጠና ተማሪ መታለፍ የሌለባቸው ጽሑፎች ናቸው።

አርቲኤስኤስ የተባለው ክትባት ከእሳቸው ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የክትባቱ እምብርት ሲኤስፒ ነው። መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። በ1987 ያን ድግግሞሽ የያዙ የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች ሰው ላይ ተሞከሩ። ከተፈተኑት መካከል የተጠበቁት በጣም ጥቂት ነበሩ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆረጠ።

ቤልጂየም ውስጥ ጆ ኮኸን የሚመሩት የኩባንያ ቡድን ከአሜሪካ ጦር ሠራዊቱ ዋልተር ሪድ ተቋም ጋር ሌላ መላ ዘየደ። የሲኤስፒን ቁራጭ ከጉበት ብግነት ቢ ክትባት ፕሮቲን ጋር አጣበቁት። እርሾ ውስጥ ሲመረት ራሱን በራሱ ወደ ጥቃቅን ቅንጣት ያደራጃል፤ የሰውነት መከላከያም እንዲህ ያለውን ቶሎ ያስተውላል። በላዩ ላይ መከላከያውን የሚያነቃቃ ቅመም ጨመሩበት። ዛሬ በክትባቱ ውስጥ ካለው ቅመም አንዱ ክፍል የሚገኘው ቺሊ ከሚበቅል ኪላያ ከተባለ ዛፍ ቅርፊት ነው። በ1997 በታተመው ሙከራ ከ7 በጎ ፈቃደኞች 6ቱ ከወባ ተጠበቁ።

ከዚያ አፍሪካ ገባ። ከ2009 እስከ 2014 በ7 አገሮች ከ15,000 በላይ ሕፃናት የተሳተፉበት ሙከራ ተካሄደ። በ2019 ማላዊ፣ ጋናና ኬንያ በመደበኛ የክትባት ፕሮግራማቸው ውስጥ መስጠት ጀመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ ኦክቶበር 6 ቀን 2021 በስፋት እንዲሰጥ መከረ። ሁለተኛው ክትባት፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው አር21፣ በ2023 ተከተለ። እሱም የተሠራው በሲኤስፒ ነው።

ከመቶ 36 ብቻ ይከላከላል ይባላል። ይህ ክትባት ይባላል?

በትልቁ ሙከራ ከ5 እስከ 17 ወር ዕድሜ ክትባቱን የጀመሩና አራቱንም ዙር የወሰዱ ሕፃናት በአራት ዓመት ገደማ ክትትል የወባ ሕመማቸው በ36 በመቶ ቀንሷል። ከኩፍኝ ክትባት ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። ግን እስቲ ቁጥሩን ከበሽታው ብዛት ጋር እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2023 ብቻ 263 ሚሊዮን ሰው በወባ ታሟል፤ 597,000 ሞቷል። አብዛኞቹ ሟቾች ከ5 ዓመት በታች ያሉ አፍሪካውያን ሕፃናት ናቸው። በሦስቱ አገሮች ክትባቱ ሲሰጥ ለክትባቱ ዕድሜያቸው በደረሰ ሕፃናት መካከል በማንኛውም ምክንያት የሚከሰት ሞት በ13 በመቶ ቀንሷል። ልጅ ቀብሮ ለሚያውቅ ቤተሰብ ይህ ትንሽ አይደለም።

አጎበሩ ግን ይቀጥላል። የተከተበ ልጅም አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ ካተኮሰው ሳይውል ሳያድር ይመርመር።

ከ1967 እስከ 2021 54 ዓመት ነው። ለምን ይህን ያህል?

አንዱ ምክንያት ሳይንሱ ነው፤ ከላይ አይተነዋል። ሌላው ገንዘብ ነው። ወባ የሚገድለው መክፈል የማይችለውን ነው። ኩባንያ ትርፍ አያይበትም፣ የሀብታም አገር መራጭም አይጮህበትም። ኮቪድ ሲመጣ ክትባት በዓመት ውስጥ ደረሰ። ሁለቱ በሽታ አምጪዎች በውስብስብነት አይገናኙም፣ እውነት ነው። ግን ልዩነቱን ሁሉ ሳይንስ ላይ መጣል ለእነዚያ ሕፃናት ፍትሕ አይሆንም።

ሩት ክትባቱ ሕፃናት ላይ ሲደርስ አዩ?

ትልቁን ሙከራ አይተዋል። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2015 ክትባቱ ላይ አዎንታዊ አስተያየት ሲሰጥም ነበሩ። ያረፉት ግን በ2018 ነው። ማላዊ ውስጥ በመደበኛው ፕሮግራም የመጀመሪያው ሕፃን የተከተበው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

ኖቤል ተሸልመዋል?

አልተሸለሙም። በ2008 ከባለቤታቸው ጋር የሳቢን የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጣቸው። በ2013 ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት ተመረጡ፤ 85 ዓመት ሊሞላቸው ወይም ሞልቷቸው ነው። ዘግይቷል ማለት ያንሳል። በ2015 ከቪክቶርና ከቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ጋር የዋረን አልፐርት ሽልማትን ተጋሩ።

ልጆቻቸውም ሳይንቲስት ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሚሼልና አንድሬ ሁለቱም የታወቁ የባዮሎጂ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ሚሼል በተለይ በፀረ እንግዳ አካላት ጥናት። ሴት ልጃቸው ሶንያ አንትሮፖሎጂስት ናት።

የእሳቸው ሥራ ከክትባት ውጭ ምን አፈራ?

ያ በ1980 አይጥ ያዳነ ፀረ እንግዳ አካል ዛሬ ሌላ መልክ ይዟል። ሲአይኤስ43ኤልኤስ የተባለ ሲኤስፒን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ማሊ ውስጥ ለአዋቂዎች አንዴ ተሰጥቶ፣ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት በስድስት ወር የወባ ወቅት በ88 በመቶ ተጠበቁ። ውጤቱ በ2022 ታትሟል። እንደ ክትባት ሰውነት ራሱ መከላከያ እስኪሠራ አይጠበቅም፤ የተዘጋጀው ነው የሚሰጠው። ዋጋውና አሰጣጡ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ሁለቱም ክትባቶች የሚሠሩት በፋልሲፓረም ላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ተውሳክም በብዛት አለ፤ ከአብዛኛው የአፍሪካ አገር የምንለየው በዚህ ነው። የቫይቫክስ ሲኤስፒ ከፋልሲፓረሙ ስለሚለይ ክትባቱ አይነካውም። ደግሞ ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነሳል። «ወባዬ ተነሳብኝ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ንክሻ ላይኖረው ይችላል። ለእሱ ፕሪማኪን የተባለውን መድኃኒት በትክክል መጨረስ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላም ስጋት አለ። አኖፌሌስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ በወባ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ለአስርት ዓመታት ስትረባ የኖረች የእስያ ትንኝ ናት። በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ከሌሎቹ የምትለየው ከተማ መውደዷ ነው። በየግቢው ባለ በርሜልና ታንከር ውሃ ውስጥ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው የፈረንጆች ጊዜ ብቻ አገሪቱ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በ1958 ሦስት ሚሊዮን ሰው አሞ 150,000 ገደማ የገደለውን ወረርሽኝ አባቶቻችን ዐይተውታል። ለቫይቫክስ ክትባት መሥራት ከማንም በላይ የሚመለከተው እኛን ነው።

በዚህ ሙያ መግባት የሚፈልግ ተማሪ ከየት ይጀምር?

ከማይክሮስኮፕ። የደም ናሙናን ስላይድ ላይ አዘጋጅቶ፣ ፋልሲፓረምን ከቫይቫክስ ለይቶ የማያውቅ ሰው የወባ ኢሚዩኖሎጂ ሊገባው አይችልም። ይህን ጤና ጣቢያ ያሉ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ከማንም በላይ ያስተምራሉ፤ ከእነሱ ጋር ለመቀመጥ አይፈሩ። ቀጥሎ ስታቲስቲክስን አጥብቀው ይያዙ፤ ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሰናከለው እዚያ ነው።

አገር ውስጥ በሩ ክፍት ነው። አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በወባና በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ላይ ይሠራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም የጥገኛ ተውሳክ ምርምር ያስተምራል፤ ስሙ የተሰጠው በእንዶድ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን መግደል እንደሚቻል ላሳዩት ሳይንቲስት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲም ጠንካራ የወባ ቡድን አለው። የማስተርስ ጥናት ርዕስ ሲመርጡ ስለ ቫይቫክስ ያስቡ። አማካሪ ሲፈልጉ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ይሁን፦ ትንኝ የሚያረባ ክፍል አላችሁ?